የድንኳኑ ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ እናቴን ጠይቄ ስወጣ፣ ከሕንፃዋ ጀርባ ባለው የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ላይ ካርኒቫል እየተከሉ ነበር። የመኪናዬን መስኮት ከፈት እንዳደረግሁ የፈላ ዘይት፣ የተቃጠለ ስኳርና የጄኔሬተር ናፍጣ ተደባልቀው ገቡ። ሌላ ሰው ይህን ሲያሸት ልጆቹን ጠርቶ ይሮጣል። እኔ ፍሬን ረገጥኩ። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በልጅነቴ እዚያው ፓርኪንግ ላይ ካርኒቫል የተተከለ ሰመር ዐሥር ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አክስቴ ጽጌ፣ የእናቴ ታናሽ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ከባሏ ከደረጀ ጋር ከእኛ ብዙም ሳትርቅ አሌክሳንድሪያ ትኖር ነበር። ቤታችን ውስጥ ከእሷ ሆድ በቀር ወሬ አልነበረም። እናቴ ለገንፎ የሚሆን ገብስ ከአገር ቤት አስመጣች፤ እኔንም አክስቴ ስትወልድ የምላትን ታስጠናኝ ጀመር። ያኔ በአማርኛ ሲጠይቁኝ በእንግሊዝኛ የምመልስ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ በዚህ ታፍርብኝ ነበር።

«አራስ ቤት ሲገባ ‹ሃይ› አይባልም» አለችኝ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ ነው የሚባለው።»

ሳህን ሳጥብም፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥም ለራሴ ስለው ከረምኩ። ‹ማረችሽ› ላይ ምላሴ ይተሳሰርብኝ ነበር፤ በመጨረሻ ግን እንደ ውኃ ጠጣሁት። እሷ ወልዳ እኔ እስክናገር ቸኮልኩ።

ልጁ ሞቶ ተወለደ። ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። አክስቴ ባዶ እጇን እኛ ቤት ገባች፣ የእኔ አልጋ ለእሷ ተሰጠ፣ እኔ ሶፋ ላይ ተኛሁ። የሰማሁት እናቴ መኝታ ቤት ገብታ በስልክ ስታወራ ነው። ፀጉሩ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ እንደነበር ተናገረች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሱማ ሆስፒታል ቀረ» አለች። እናቴ ‹ያለ ልጅ ተመለሱ› ማለቷ ነበር። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ ወሰድኩት፤ ሆስፒታሉ ልጁን ወስዶ አስቀረው ማለት ነው ብዬ ነገሩን ዘጋሁ።

እናቴ እህቷን እንደ ማንኛዋም አራስ ልትይዛት ቆረጠች። አባቴ፣ ታክሲ ነጂ ነው፣ በነገር የማይገባ ሰው፣ አንድ ቀን ደፍሮ «ይሄ ሁሉ ሥርዓት አያስታውሳትም ወይ?» ቢላት «ወልዳለች አይደል? አራስ ናት» ብላ አፉን አስያዘችው። ገንፎው በቅቤና በበርበሬ ይገባል፤ ሁለት ጉርሻ ብቻ ጎድሎ ይወጣል። መጋረጃው አይከፈትም። ሰይጣን እንዳይቀርባት ትራሷ ሥር ትንሽ ቢላ ተቀመጠ፤ ወደ መታጠቢያ ቤት እንኳ ስትሄድ ነጠላዋ ሥር ይዛው ነበር የምትሄደው። አንዳንዴ ጡቷ ላይ ልብሷ ርሶ አይ ነበር። ውኃ ስትጠጣ የሚፈስባት መስሎኝ አንድ ቀን ስትሮ አመጣሁላት። ተቀብላኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ጠያቂዎች ሲመጡ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበር። ከፔትዎርዝ የመጡት እትዬ ብርቄ፣ የእናቴ የክርስትና እናት፣ አጥሚት በቴርሞስ ይዘው ሲገቡ በልማድ «እንኳን ማ...» ብለው ጀመሩ፤ አፋቸው ላይ ቀረ። ሳሉ። ከዚያ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሉ። አክስቴ ለሁለቱም አሜን አላለችም። እትዬ ብርቄ እንደሄዱ እናቴ ወጥ ቤት ጠርታኝ ያስጠናችኝን ነገር እንዳልል አስጠነቀቀችኝ። እስከ መቼ ብላት የቧንቧውን ውኃ ከፈተች።

ደረጀ የሚሠራው ኤርፖርቱ አካባቢ፣ ሄርንደን የሚባል ቦታ ነበር። በየምሽቱ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ይመጣና ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አክስቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። «የት ነው?» ትለዋለች። እሱም «ተይው ጽጌዬ፣ ይሄ እናት የምትጠይቀው አይደለም» ይላታል። አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። እናቴ ሳህን ታነሳለች። እንዲህ ሆኖ ያድራል።

ደግሞ ጨክነውባት አይደለም። ሳይጠመቅ ለሚሞት ልጅ በአገራቸው ሥርዓቱ ይኸው ነው። ፍትሐት የለው፣ ድንኳን አይተከልለት። ወንዶች ይወስዱና በቤተ ክርስቲያኑ ዳር ይቀብሩታል፤ እናት እየሄደች እንዳታለቅስ ቦታው አይነገራትም፤ ስለ እሱ ማውራትም ነውር ነው። እሷም ይህንን ታውቃለች። ግን ታውቃለች ተብሎ ሆድ ዝም አይልም። በየምሽቱ ጥያቄው ሲመጣ እኔ ሶፋዬ ላይ የአባቴን እግር እያየሁ ቶሎ እንዲያልፍ እጸልይ ነበር።

አንድ ጠዋት አክስቴ መጋረጃውን በጣቷ ገልጣ ወደ ፓርኪንጉ ስታይ ደረስኩባት።

«የማን ድንኳን ነው?» አለችኝ።

ባለ ቀይና ነጭ መስመር ትልቅ ድንኳን ሰዎች በገመድ እየወጠሩ ነበር። ካርኒቫል እንደሆነ ነገርኳት። ለእሷ ድንኳን ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ፤ «ሰው ሞቶ ነው?» ብላ ጠየቀች። የሞተ ሰው የለም፣ መጫወቻ ነው፣ እሑድ ነቅለው ይሄዳሉ አልኳት። መጋረጃውን ለቀቀችው፤ ግን ከመስኮቱ አልራቀችም።

በማግስቱ አባቴ እኔን ትንሽ ከቤቱ አየር ሊያወጣኝ ወሰደኝ። የሚሽከረከረውን ወንበር ተሳፈርኩ፣ ስኳር የተነሰነሰበት የተጠበሰ ሊጥ በላሁ፣ አፌ ዱቄት መሰለ። ድንኳኑ በር ላይ ሬይ የሚባል ረጅም ሽማግሌ፣ ሱሪው በትከሻው ማንገቻ የተያዘ፣ በማይክሮፎን የዓለምን ጉድ ኑና እዩ ይል ነበር። ልንገባ ስንል አባቴን የታክሲ ደንበኛ በስልክ ያዘው። «ግቢ፣ በሩ ላይ ነኝ» አለኝ።

ውስጡ ይሞቃል፤ ሳሩ ተረግጦ ይሸታል። ሁለት ራስ ያለው በጭድ የተሞላ ጥጃ ነበር፤ አንዱ ራስ ላይ ስፌቱ ይታያል። ደረቅ ዓሣ ላይ የዝንጀሮ ራስ ሰፍተው የባሕር ሴት ናት ብለዋል። እነዚህን አልፈራኋቸውም። መጨረሻ ላይ፣ ጥቁር መጋረጃ የተከለለበት ቦታ፣ አንድ ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ነበር። ሻይ በመሰለ ውኃ ውስጥ አንድ ሕፃን ጉልበቱን አጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ፀጉሩ ጥቁር ነው። ጥቅጥቅ ያለ። ከሥሩ የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦ እውነተኛ ሕፃን፣ ከሆስፒታል የተገኘ፣ እናቱ አልታወቀችም።

እናቱንማ እኔ አውቃታለሁ። አልጋዬ ላይ ነው የምትተኛው።

አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ ለጓደኛው «ፒክልድ ፐንክ» ሲል ሰማሁት፤ የካርኒቫል ሰዎች እንዲህ ነው የሚሉት እያለ ያስረዳዋል። ፒክል ሃምበርገር ውስጥ የሚገባው ኮምጣጤ የጠጣ ኪያር ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ፐንክ ደግሞ አውቶቡሳችን ውስጥ ሹፌሩ ረባሾቹን ወንዶች የሚሰድብበት ስም ነው። ስለዚህ ልጁ አጥፍቶ እየተቀጣ ነው ብዬ ገመትኩ። ምን ሊያጠፋ ይችላል? ገና አሁን መጥቶ። እንባዬ መጣ፤ አባቴ በር ላይ ሲያየኝ ጥጃው አስፈርቷት ነው ብሎ ሳቀብኝ።

ያን ምሽት ደረጀ መጣ፤ አክስቴ «የት ነው?» አለች፤ እሱም «ተይው» አለ። እኔ የት እንዳለ አውቃለሁ። እናቴን ሆስፒታሉ ልጁን ለሌላ ሰው ሰጥቶት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ልጠይቃት ስጀምር ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እሑድ ድንኳኑ ይነቀላል። ልጁን ጠርሙሱ ውስጥ እንደያዙት የማላውቀው ከተማ ይወስዱታል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያገኘዋል?

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ገበያ ወጣች፣ አባቴ ሥራ ሄደ። እኔና አክስቴ ብቻ ቀረን። መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር።

«ድንኳኑ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አለችኝ።

«ልጅሽ» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። ያየሁትን በተሰባበረ አማርኛዬ ነገርኳት፤ ጠርሙሱን፣ ፀጉሩን፣ ጽሑፉን። ፀጉሩ ላይ ስደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደግሜ እንድነግራት አደረገችኝ። ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን ተከናነበች፣ ትራሱ ሥር እጇን ሰደደች፣ በሩን ከፈተች።

በዚያ ፀሐይ፣ ሙዚቃው እያጓራ፣ ነጭ የተከናነበች ሴት በፓርኪንጉ መሐል ስታልፍ ሰው መንገድ እየለቀቀ ያያት ነበር። ሬይ ቲኬት ቢላት ሳታየው ገባች። እኔ እየሮጥኩ ተከተልኳት፤ ሬይም ማይክሮፎኑን ጥሎ ተከተለን። ጠርሙሱ ፊት ደርሳ ቆመች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«እንዲሰጠኝ ንገሪው» አለችኝ።

እናቱ እሷ ናት፣ ልጇን ስጣት ብዬ ለሬይ ነገርኩት። ሽማግሌው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየ። እሷ ልጁን ልትቀበል ነጠላዋን ስትዘረጋ ቢላው ታየ። ሬይ ሁለት እጁን አንስቶ ወደ ኋላ አለ፤ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እየተጋፉ ወደ በሩ ሮጡ። ፖሊስ ይመጣል፣ አክስቴን ይዘዋት ይሄዳሉ አልኩ። በአንድ ትንፋሽ፣ ቢላው ለአንተ አይደለም፣ ለሰይጣን ነው፣ ወልዳ ስለሆነ ነው፣ ለወለደች ሴት ሁሉ ይሰጣል አልኩት። ምን እንደገባው አላውቅም። ግን እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ። ከዚያ እኔን እንደ ትልቅ ሰው እያየ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጎማ ነው ይላል» አልኳት።

«ይክፈተው» አለች።

ሬይ የድንኳኑን በር ዘጋ። እጅጌውን ጠቀለለ፣ ክዳኑን ፈታ፣ እስከ ክርኑ ገብቶ አወጣው። ያ ቡናማ ውኃ እየተንጠባጠበ የአሮጌ ጎማ ሽታ ሸተተን። ሊያሳያት ብሎ ከእጁ ለቀቀው። መሬት ሲነካ ነጠረ። አንዴ፣ ደግሞ ዝቅ ብሎ አንዴ፣ ከዚያ ተንከባልሎ እግሯ ሥር ቆመ። ፀጉሩ በማጣበቂያ የተለጠፈ ክር ነበር።

አክስቴ አልጮኸችም። ይህ ነገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሽማግሌውን እንድጠይቀው ነገረችኝ። ሬይ ሸራ ወንበር ስቦላት ራሱ መሬት ላይ ተቀምጦ አስረዳን፤ እኔ እየተንተባተብኩ አስተረጎምኩ። እሱ ልጅ ሆኖ ይህን ሥራ ሲጀምር ጠርሙሶቹ ውስጥ የነበሩት የእውነት ሕፃናት፣ ሳይወለዱ ወይም ሲወለዱ የሞቱ ነበሩ። የካርኒቫል ሰው እርስ በርሱ ሲነጋገር ልጅን ፐንክ ይላል፤ ስድብ አይደለም፤ ፒክልድ ፐንክ የሚባሉት እነሱ ነበሩ። ይህ ጎማው ሌላ ስም አለው፤ ሲወድቅ ስለሚነጥር ‹ነጣሪው› ይሉታል። ያንን ስም ግን ከፍሎ ለሚገባ ሰው አይናገሩትም። በማይክሮፎን ሁልጊዜ በእውነተኞቹ ስም ነው የሚጠራው።

«የሰው ልጅ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ይባላል?» አለች አክስቴ፣ ለእኔ ይሁን ለእሱ እንጃ። ቀጥላም «እውነተኞቹ የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀች።

ሬይ እርጥብ እጁን በሱሪው ጠረገ። አንድ ከተማ ላይ ፖሊሶች መጥተው ጠርሙሶቹን ከቀድሞ አሠሪው እንደወሰዱ፣ የከተማው ሰዎች አዋጥተው አንድ ላይ እንደቀበሯቸው ነገረን። በጉዞው በዚያ ሲያልፍ ቆሞ መቃብራቸውን እንደሚያይም ነገረን።

«እናታቸውም አባታቸውም ያልሆነ ሰው ቀበራቸው?» አለች። አዎ አልኳት። «ይሄ ሰውዬም የት እንደሆነ ያውቃል?» አዎ፣ ያውቃል አልኳት።

ጎንበስ ብላ ያንን ጎማ ከሳሩ ላይ አነሳችው። በነጠላዋ ጥለት ፊቱን ጠረገችና ለሬይ በሁለት እጇ ሰጠችው። እሱም በሁለት እጁ ተቀበላት።

ቤት ስንደርስ እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ እየጠበቀችን ነበር። አራስ ሆና ፀሐይ ላይ ወጣች ብላ እኔን ልትገድለኝ ደረሰች። አክስቴ ግን አልጋዋ ጋ አልሄደችም፤ ሳሎን መሐል ቆማ ደረጀን ጠበቀች። አባቴም ከሥራ ገባ። ደረጀ በሩን ከፍቶ ሲያያት ወንበሩ ጫፍ ላይ መቀመጡን ተወው።

«ዛሬ ‹ተይው› እንዳትለኝ» አለችው። «የማያውቃቸው ልጆች የተቀበሩበትን ባዕድ ሰው እንኳ ያውቃል። የት ነው የቀበርከው?»

ደረጀ አባቴን አየ። አባቴ ደረጀን አየ። እኔ መሐላቸው ስለነበርኩ የሁለቱንም ፊት አይቻለሁ።

«እናንተ አይደላችሁም እንዴ የቀበራችሁት?» አለው ደረጀ። «ሆስፒታል በር ላይ ‹አንተ እሷን ያዝ፣ ሌላውን ለኛ ተወው› አላልከኝም?»

አባቴ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እሱ ሌላውን ያለው ጠያቂውን፣ ምግቡን፣ መኪናውን ነበር። የእድሩን ሊቀመንበር ደውሎ ጠይቋል፤ ላልተጠመቀ ልጅ አባትየው ይጨርሰዋል እንጂ እድር አይወጣም ተብሏል፤ ደረጀ ጨርሶታል ብሎ አምኗል። ደረጀም ለነርሷ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል ብሏት ወጥቷል። አገር ቤት ቢሆን እውነትም ሰዎች ይመጡ ነበር፤ አጎት፣ ጎረቤት፣ ማንም ሳይልካቸው። እዚህ ሰዎቹ እነሱ ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን አላሰቡትም። መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ በየምሽቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ምስጢር የጠበቀ መስሎት ዝም ሲባባሉ ከርመዋል።

«ከማላውቀው ቁጥር ይደወልልኝ ነበር» አለ ደረጀ። «አላነሳሁትም።»

እናቴ «ወይኔ ልጄን» ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አክስቴ አልተቀመጠችም።

እዚያው ቆሞ ደወለ። ስልኩ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ሲያሻግረው የመጠበቂያው ሙዚቃ ሳሎናችንን ሞላው። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች፤ ደረጀ ልጁ የተወለደበትን ቀንና የእናቱን ስም ነገራት። ሴትየዋ ዝግ ባለ ድምፅ አዎ፣ እዚህ ነው፣ ይጠብቃችኋል አለች።

ከቀናት በኋላ ቀበርነው፤ ካርኒቫሉ ተነቅሎ ሄዷል። ከከተማው ወጣ ባለ የመቃብር ቦታ፣ የሕፃናት ክልል ውስጥ ነው። እናቴ እናት አትሄድም ብላ ነበር፤ አክስቴ ጫማዋን እያሰረች «እሄዳለሁ» አለቻት፤ አለቀ። የምናውቃቸው ቄስ ፍትሐት እንደማይደረግ አስቀድመው ነግረውናል፤ ግን መስቀላቸውን ሳይዙ መጥተው ዳር ላይ ቆሙ። ሳጥኑ ነጭ፣ ትንሽ ነበር፤ ደረጀ ደረቱ ላይ አቅፎ መጣ።

«ክፈተው» አለችው አክስቴ።

አባቴ «ጽጌ፣ ተይ» አላት።

«ድንኳን ውስጥ ያለውን አይቻለሁ። የራሴን ሳላይ አፈር አላስገባም።»

ደረጀ ሳሩ ላይ ተንበርክኮ ከፈተው። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ አየሁ። ሕፃኑ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ራሱ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው የሠራው የሹራብ ቆብ አለ። አክስቴ ቆቡን በጣቷ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። ፀጉሩ ጥቁር ነው። ጥቅጥቅ ያለ። ግንባሩን በእጇ ጀርባ ነካችው፣ ጆሮውን ነካችው፣ እንደገና ግንባሩን።

«እሱ ነው» አለች። ከዚያ ለደረጀ «ግንባሩ ያንተ ነው» አለችው። ደረጀ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

አፈሩ ተመልሶ ካለቀ በኋላ ቆመን ቀረን። ቄሱ የሚደግሙት የላቸውም። እናቴ ነጠላዋን ታፍተለትላለች። ሰው ሁሉ እትዬ ብርቄ በራችን ላይ እንደሆኑት ሆነ፤ አፉ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠ። እኔ ግን ልጁን አይቻለሁ። አክስቴ ወልዳለች። ይህ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ወደ እሷ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት። ምላሴ አልተሳሰረም።

እናቴ ክንዴን ለመያዝ እጇን ስትሰድ አክስቴ ቀደመቻት። አፈር በነካው መዳፏ ጉንጬን ይዛ፣ ሰው እንደሚያያት የረሳች መስላ ትክ ብላ አየችኝ።

«አሜን» አለችኝ። «ማርያም ታሳድግሽ።»